የአንኮበር ቁልቁለት፣ ሞተርና ሁለት መስመር ግጥም

ስድሳ ዓመት ከሞላ በኋላ ሁለት ነገር አይጀመርም ይባላል፤ ሞተር መንዳትና ግጥም መጻፍ። የመጀመሪያው አጥንት ይሰብራል፣ ሁለተኛው ወዳጅ ያሸሻል። እኔ ሁለቱንም የጀመርሁት መምህርነቴን ጨርሼ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ጨዋታ ከገለልተኛ ሰው እንደምትሰሙት አትቁጠሩት።

«ግጥም የወጣት ነው» የሚሉ ሰዎች ምስክር ሲጠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ፈረንሳዊውን አርተር ራምቦን ነው። እኛ ራምቦን የምናውቀው በሐረር ነው፤ በስሙ የሚጠራውን ቤት ያልጎበኘ የሐረር እንግዳ ጥቂት ነው። ወደ ሸዋ ያደረገው ጉዞ ግን ብዙም አይነሳም። የጉዞው መዳረሻ ደግሞ እኔ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ በየወሩ በሞተር የምመላለስበት አንኮበር ነው። ስለዚህ ከሰውየው ጋር የመንገድ ዝምድና ቢጤ አለን።

ራምቦ በ19 ዓመቱ «በሲኦል አንድ ወቅት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያ አገር ላገር ሲንከራተት ኖሮ በንግድ ሥራ ኤደንና ሐረር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1886 ታጁራ ላይ ተቀምጦ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ፣ ፓሪስ ውስጥ «ላ ቮግ» የተባለ መጽሔት ድሮ የጻፋቸውን ግጥሞች እያወጣ ነበር። እሱ በዚያን ጊዜ የሚያስበው ስለ ጠመንጃ ነው። ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ። አብረውት ሊሄዱ ከታሰቡት ሁለት ፈረንሳውያን ነጋዴዎች ሁለቱም ግመሎቹ ሳይነሱ ሞቱ። ብቻውን ቀረ።

ጥቅምት ላይ ታጁራን ለቅቆ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አራት ወር ገደማ ተጉዞ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. መጨረሻ አንኮበር ገባ። ዕድሜው 32 ነበር። ከቆላው ወደ አንኮበር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ነው። ዛሬም ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ እግራችሁ ሥር መሬቱ ይከዳችኋል፤ ተረተሩ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ የአፋር ሜዳ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። ግመል ከቆላ አይወጣም፤ ያን አቀበት ጭነቱ የሚወጣው በበቅሎና በአህያ፣ ሰውም በእግሩ ነው። ያን ሰሞን አግኝቶት የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ተጓዥ፣ ራምቦ ዐረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እንደሚያውቅ፣ ድካም የሚባል ነገርም እንደሌለበት በማስታወሻው አስፍሯል። ስለ ግጥሙ አንድም ነገር አላነሳም።

አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም። ምኒልክ በዚያው ሰሞን በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል፤ መናገሻቸውንም ወደ እንጦጦ አዛውረዋል፤ አዲስ አበባም ልትቆረቆር ነው። አንኮበር ትልቅነቷ ሲያልፍ ነበር ራምቦ የደረሰባት። እንጦጦ ድረስ ሄዶ ጠመንጃውን በርካሽ ሸጠ። የሟቹን የሸሪኩን የላባቱን ዕዳ እንከፈል የሚሉ ባለገንዘቦችም ተሰለፉበት። ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው፤ ከላባቱ ባለቤት ቤት የሟቹን ማስታወሻዎች፣ 34 ደብተር፣ ወስዶ አቃጠላቸው። ይህን የምናውቀው ራሱ ለፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ነው። ከደብተሮቹ መሐል ጠቃሚ ወረቀቶች እንደነበሩ በኋላ ነው የተነገረው። በሸዋ ብዙ ዓመት የኖረ የአንድ ሰው ትዝታ፣ ያውም በባለ ቅኔ እጅ፣ አመድ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ዕጢ ወጣበት። በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ ይህ ሰው የሚመሰክረው ግጥም በወጣትነት ሊያልቅ እንደሚችል ነው። በወጣትነት ካልሆነ አይጀመርም ለሚሉት ግን ምስክር አይሆናቸውም።

ደግሞስ እኛ አገር ግጥም የወጣት ብቻ የሆነው መቼ ነው? የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር ዓመታት ያልፋሉ። ቅኔን ያለ መንገድ የተማረ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። በሠርግ ላይ ወጣቱ ይዘፍናል፤ ግጥሙ መምታቱንና አለመምታቱን የሚፈርዱት ግን ከጥግ የተቀመጡት እናቶች ናቸው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሙሾ የምታወርደው ሴት ብዙ ሰው የቀበረች መሆን አለባት፤ በሃያ ዓመት የሚገኝ ሙያ አይደለም።

ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም.። ስሌቱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለዳቸው ነው። ገጣሚው መንግሥቱ ለማም አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በስተርጅና ያጫወቷቸውን በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። አለቃ ቁጭ ብለው አልጻፉም፤ አወሩ እንጂ። ከእኔ የመጻሕፍት መደርደሪያ በእሳት ጊዜ መጀመሪያ የማወጣው ያን መጽሐፍ ነው።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። በውጭው ዓለም በዚህ ዕድሜ ስለ ሞተር ጉዞ ሲነሳ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን ነው። መጀመሪያ ዓለምን በሞተር ለመዞር ከለንደን የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር፤ የእኛ አቆጣጠር 1966 ላይ በኢትዮጵያም አልፏል። ጉዞው አራት ዓመት ፈጀ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ69 ዓመቱ፣ ያንኑ መንገድ እንደገና ጀመረው። ካናዳዊው ከበሮ መቺና የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ኒል ፒርት ደግሞ ሴት ልጁን በመኪና አደጋ፣ በዓመቱ ባለቤቱን በካንሰር አጣና ሞተሩን አስነስቶ 88 ሺህ ኪሎ ሜትር ነዳ። ተመልሶ መጽሐፍ ጻፈ። የሰውን ኀዘን መመዘን አልችልም፤ መንገድ ግን ለአንዳንድ ሰው የለቅሶ ቤት እንደሚሆን ከዚህ ታሪክ ይገባኛል።

የእኔ መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት በከንቱ አይደለም። ጠዋት ከጃኬቱ ሥር ጋዜጣ ደረቴ ላይ እደርባለሁ። ይህ የድሮ ሞተረኞች ዘዴ ነው፤ ነፋስን እንደ ወረቀት የሚመክት የለም። መጀመሪያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ የገብስና የስንዴ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ በግ፣ አሁንም በግ። ከዚያ ድንገት አገሩ ያልቃል። ጉም ከገደሉ ሥር ይወጣና ፊታችሁ ላይ ይዘጋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ሣር እየነጩ ማን ይሆን ብለው ያዩአችኋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ በገደሉ ጫፍ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ታያላችሁ፤ ሳይንስ በአንኮበር ስም የጠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተመዘገበች፣ በእኛ አገር ብቻ የምትገኝ ወፍ ናት። ለማየት የማታጓጓ ወፍ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። እኔ ግን ሞተሬን ሳላጠፋ አላልፋትም።

በዚህ ዕድሜ ለመጀመር ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተርም እንደ ሰው ጉልበት ያጣል፤ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በደብረ ብርሃን ከፍታ ሩብ ያህል ኃይሉን ይቀንሳል። አቀበት ላይ ሲያቃስት አትደንግጡ፤ ማርሹን ዝቅ አድርጉለት። ዋናው ፈተና ግን ቁልቁለቱ ነው። ጀማሪ ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ፣ የኋላ ፍሬን ረግጦ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል ይከዳል። መውረድ ያለባችሁ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዛችሁ ነው። የፊት ፍሬን አብዛኛውን የማቆም ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ጠጠር ላይ በድንገት ከጨበጣችሁት ይጥላችኋል። ዐይናችሁን ከጎማው ፊት ካለው ጉድጓድ ላይ አትትከሉ፤ ሞተር ዐይን ወዳየበት ይሄዳል። ሲኖትራክ በኩርባ ላይ ሲመጣ ካያችሁ መንገዱ የእሱ ነው፤ ሕጉ ምንም ይበል። ሄልሜት አንዴ ከተመታ ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣላል። መንጃ ፈቃድና ትምህርት ቤት ሳይረሳ፤ «የጎረቤት ልጅ ያሳየኛል» የሚባል ነገር በሃያ ዓመት ይሠራ ይሆናል፣ በስድሳ ግን አጥንት እንደ ድሮው ቶሎ አይገጥምም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መንገዱን መጠየቅ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ መውጣት ራሱ ምርቃት የሚሻ ነገር ሆኗል። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ከአንኮበር የመጡ ሹፌሮችን ሳላነጋግር ሞተሬን አላስነሳም። «ዛሬ ይቅርብዎ፣ ጋሼ» ካሉኝ ይቀራል። ሦስት ወር ሙሉ የቀረበት ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ የዚህ ነገር ክብደት ያለው ቤት ውስጥ ነውና። ልጄ ነርስ ናት። ለእሷ የሞተር አደጋ ወሬ አይደለም፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆን በቃሬዛ የሚገባ ሰው ነው። ሞተር ልገዛ ነው ያልኋት ዕለት አልጮኸችም። «አባዬ፣ እኔ ተረኛ በሆንሁበት ቀን አምጥተው ፊቴ ቢያስቀምጡህ ምን አድርጊ ትለኛለህ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ዛሬም የለኝም። አትንዳ ግን አላለችኝም። በምትኩ ወረቀት አውጥታ ጻፈች፦ ሄልሜት ሳይታሰር ሞተር አይነሳም፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መንገድ የለም፣ ዝናብ ከጣለ እዚያው ማደር፣ ጎረቤላ ሲደረስ ስልክ፣ ከኋላ ሰው መጫን የለም። የደም ዓይነቴን በካርድ ጽፋ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን እዚያው አለ። አንዳንድ ጊዜ መሐረብ ስፈልግ እጄ ይነካዋል።

ባለቤቴ የያዘችው ሌላ ጥያቄ ነው። «አንተ ጡረታ ወጣህ። እኔ ከምን ልውጣ? ምድጃ ጡረታ አለው?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ወንዶች እንደ ቀልድ እንሰማዋለን። በእኛ ዕድሜ ወንዱ ነጻ ጊዜ አገኘሁ ሲል ያ ጊዜ ከአንድ ቦታ መጥቷል፤ ብዙውን ጊዜ ከሚስት ነው። ልብሱ ይታጠባል፣ ምሳው ይቀርባል፣ የልጅ ልጅ ይጠበቃል፤ እሱ ደግሞ «ዘግይቶም ቢሆን ራሴን አገኘሁ» ይላል። ስለዚህ ውል ገባን። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ እነዳለሁ፤ እሑድ እሑድ በሙሉ የእሷ ነው። የልጅ ልጃችንን እኔ እጠብቃለሁ፣ ሽሮውንም እኔ እሠራለሁ። በእሑዷ ምን እንደምታደርግበት አትነግረኝም፤ መጠየቅም በውሉ ውስጥ የለም። ፊቷ ግን ያበራል።

ለምን በሚኒባስ አትሄድም የምትሉ ትኖራላችሁ። አንደኛ፣ ሞተር ስለምወድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት አማቴ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ቆይተዋል፤ ቤታቸው ከጎረቤላ ወረድ ብሎ፣ ሚኒባስ በማይደርስበት የእግር መንገድ ላይ ነው። በወጣትነታቸው በአካባቢው የታወቁ ግጥም አዋቂ ነበሩ፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይደምቅም ይባል ነበር። አንድም አልተጻፈም፤ ማንበብ አይችሉም። ከልጆቻቸው መሐል አንዳቸውም ከሁለት ሦስት ግጥም በላይ በቃላቸው አልያዙም። ስለ ራምቦ 34ቱ ደብተሮች ያነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ወዲያው ስልኬ ላይ የድምፅ መቅጃ አወጣሁና መመላለስ ጀመርሁ።

ቀላል ሥራ አልሆነልኝም። መጀመሪያ «እማማ፣ ድሮ ያወርዷቸው የነበሩትን ሙሾዎች ይንገሩኝ» ብል ተቆጡ። «ማን ሞተና ነው ሙሾ የምታስወርደኝ? በደህና ቤት ሟርት አታምጣ!» ልክ ናቸው። ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም፤ ከአካሉ ተነጥሎ በመቅጃ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ በዚያ በኩል ያለው ሀብት ከእሳቸው ጋር እንደሚሄድ ተቀብያለሁ። የቀረውን ግን ይሰጡኛል፤ የሠርጉን፣ የእንጉርጉሮውን፣ የወፍጮውን። የወፍጮው በተለይ ይቸግራቸዋል። «እጄ ካልዞረ አፌ አይዞርም» ይላሉ። ወፍጮ ቤት ከመጣ ስንት ዘመኑ! የድሮው ድንጋይ ግቢ ውስጥ ውኃ ማጠጫ ሆኖ ለዶሮ ቀርቷል። አንድ ቀን አጥበን ቤት አስገባንላቸው። እፍኝ ገብስ ጣል አድርገው መጁን ያዙ። በአንድ ጊዜ አሥራ አንድ ግጥም ወጣቸው፤ ሁለቱን ባለቤቴም ፈጽሞ ሰምታቸው አታውቅም። እነዚያን እዚህ አልጽፋቸውም። የእሳቸው ናቸው፤ ፈቃድ እስኪሰጡ በስልኬ ውስጥና በልጄ ኮምፒውተር ላይ ይቆያሉ።

የራሴን ግጥም ለሰው ለማሳየት አልቸኩልም። ከሃያ አንድ ደብተር ሙሉ ጀምሬ የተውኋቸው ይበዛሉ። ያለፈው ወር ግን መንገድ ላይ፣ ከገደሉ ጫፍ ወደ ጎረቤላ ስወርድ፣ ጉልበቴ ብርድ ገብቶት ሲጠዘጥዘኝ ሁለት መስመር መጣልኝ። ሄልሜቴ ውስጥ ጮክ ብዬ ደጋገምሁት፤

ሞተሬን አስነስቼ ስወርድ አንኮበር፣
ጉልበቴን የያዘኝ ቁልቁለቱ ነበር።

ጉልበት የሚለው ቃል እግርም ነው፣ ኃይልም ነው። ቁልቁለትም ያው የሁላችን ዕድሜ ነው። ሰም አለው፣ ወርቅ ቢጤም አለው ብዬ ኮራሁ። ልጄ በስልክ ሰምታ «ጉልበትህን አሞሃል ማለት ነው? ራጅ ተነሳ» አለች። ባለቤቴ «ቤት ይመታል» ብላ ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

አማቴ ዘንድ ስደርስ ቡና ቀርቦ ነበር። በሁለተኛው ስኒ ላይ ድፍረት አግኝቼ አነበብሁላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ድገመው አሉኝ፤ ደገምሁት።

«የያዘኝ ካልህ በሽታ ነው» አሉ። «የያዘልኝ በል።»

አንድ ፊደል ብቻ ጨመሩ። ጉልበቴን የያዘልኝ ቁልቁለቱ ነበር። መለኪያው አንድ ቀለም ይረዝማል ብዬ ልከራከር ሞከርሁ። እሳቸው ግን በዜማ ሲሉት «የያዘልኝ»ን አፍነው ያለፉት እንዲህ በቀላሉ ነበርና ክርክሬን ዋጥሁት። ደብተሬን አውጥቼ አስተካከልሁ። እሳቸውም ስኒውን እያለቀለቁ፣ «ደግሞ ያን ሞተርህን ከታች ከቅያሱ አቁመው እንጂ እዚህ ድረስ አታምጣብኝ፤ ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል ትተዋል» አሉኝ።